የብረት ድካምና ያረጀ የስፖርት መኪና ወለል

ያረጀ የስፖርት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ የገዢው ዓይንና ጆሮ አስቀድሞ የሚያርፈው በሞተሩ ላይ ነው፤ ዘይት ይበላል ወይ፣ ድምፁ ንጹሕ ነው ወይ፣ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀበል ያንገራግራል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ይሁን እንጂ ሞተር ተፈትቶ ይታደሳል፣ ካምቢዮም ወርዶ ይለወጣል፤ እነዚህን ሁሉ የተሸከመው የላሜራ አካል ግን የሚለወጥበት ሌላ አካል የለውምና ደኅንነቱ ከሁሉም ቀድሞ ሊመረመር ይገባል። የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ይህ አካል በጊዜ ብዛት ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ስንጥቁ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚጠገንና ገና ሳይከሠት እንዴት ሊገታ እንደሚችል ማሳየት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው ቢኤምደብልዩ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2006 ያመረተውና በፋብሪካ መለያው ኢ46 የሚባለው ኤም3 ሲሆን፣ ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሞተሩ ብርታትና በአነዳዱ ቅልጥፍና እስከ ዛሬ የሚወደሰው ይኸው መኪና የኋላ ወለሉ በመሰንጠቁም የዚያኑ ያህል የታወቀ ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ የብረት ድካም የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። አንድ ብረት ሊሰብረው ከሚችለው ኃይል እጅግ ያነሰ ኃይል ቢያርፍበትም፣ ያ ኃይል በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ ከተመላለሰበት በመጨረሻ ይሰነጠቃል፤ ቀጭን ሽቦ ወዲህና ወዲያ ሲታጠፍ ቆይቶ በእጅ እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ይህ ባሕርይ የመሐንዲሶችን ትኩረት የሳበው በባቡር ዘመን ነበር። በ1842 በፈረንሳይ ቬርሳይ አቅራቢያ የአንድ ሎኮሞቲቭ አክስል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ያለቁበት አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ ጤነኛ የሚመስል ብረት ለምን እንደሚሰበር መጠየቅ ግድ ሆነ፤ ጥያቄውንም በረጅም ዘመን ሙከራ የመለሰው ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ቮለር አክስሎችን ደጋግሞ በሚያሽከረክርና በሚያጎብጥ መሣሪያ ላይ እየፈተነ የብረት ዕድሜ የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በሚያርፍበት ትልቅ ኃይል ሳይሆን በሚመላለስበት ኃይል መጠንና በምልልሱ ቁጥር መሆኑን አሳየ፤ በተጨማሪም ብረት አንድ ወሰን እንዳለውና የሚመላለሰው ኃይል ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ ብረቱ እጅግ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖረው ተረዳ። ይህ ወሰን የድካም ወሰን ይባላል።

የድካም ወሰን ግን በተወለወለና ቀዳዳ በሌለው የመሞከሪያ ዘንግ ላይ የሚገኝ ጸጋ እንጂ በመኪና ወለል ላይ የሚታመኑበት ነገር አይደለም። በብረት ውስጥ የሚያልፈው ውስጣዊ ኃይል፣ ማለትም በእያንዳንዱ የስፋት መለኪያ ላይ የሚደርሰውና ውጥረት የሚባለው፣ ቀዳዳ፣ ሹል ማዕዘን ወይም የብየዳ ጠርዝ ሲያጋጥመው በዚያ ቦታ ይከማቻል። በሰፊ ላሜራ ላይ ያለ አንድ ክብ ቀዳዳ በጠርዙ ላይ የሚያርፈውን ውጥረት ሦስት እጥፍ እንደሚያደርገው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በሒሳብ ይታወቃል፤ ቀዳዳው ከኃይሉ አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ ሲረዝምና ጫፉ ሲሾል ደግሞ ክምችቱ ከዚያም በላይ ይበዛል። ስንጥቅ ማለት ጫፉ እጅግ የሾለ ቀዳዳ ስለሆነ፣ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ራሱን በራሱ የሚያስቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። በብረት ላይ የስንጥቅ ዕድገት ፍጥነት ከሚመላለሰው ኃይል ሦስተኛ ደረጃ ጋር በግምት እንደሚሄድ ተረጋግጧል፤ ይህም ማለት ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ስንጥቁ በእያንዳንዱ ምልልስ የሚረዝምበት መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ዝገት ሲጨመርበት የድካም ወሰኑ ራሱ ይጠፋል፤ ጨውና እርጥበት በሚበዛበት አገር የኖረ መኪና ቶሎ የሚሰነጠቀው አንድም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መኪናው ወለል መመለስ ይቻላል። ኢ46 የኋላ ጎማዎቹን፣ የእገዳ ክንዶቹንና ዲፈረንሻሉን በአንድ ላይ የሚይዝ የብረት ተሸካሚ ፍሬም አለው። ይህ ፍሬም ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ በጋራዥ ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ማቀፊያ አለ፣ በመካከሉም ትልቅ ብሎን ወደ ላይ ዘልቆ ከወለሉ ላሜራ ውስጥ ከተበየደ ጥርስ ካለው ብረት ጋር ይታሠራል። ወለሉ አንድ ወፍራም ብረት ሳይሆን ቀጫጭን ላሜራዎች ተደራርበው በነጥብ ብየዳ የተያያዙበት ባዶ ሣጥን ነው። ነጥብ ብየዳ ሁለት ላሜራዎች በሁለት የመዳብ ጫፎች መካከል ተጨምቀው ከባድ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍባቸው በአንዲት ትንሽ ክብ ቦታ ቀልጠው የሚጣበቁበት ዘዴ ሲሆን፣ ለፋብሪካ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የተደበቀ ሹል ጠርዝ ይተዋል። እንግዲህ ውጥረት የሚከማችበት ቦታ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው።

በዚህ ወለል ላይ የሚያርፈው ኃይል ምን ያህል ነው? ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። የኤም3ቱ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3246 ሲሲ ሞተር የሚሰጠው ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል 365 ኒውተን ሜትር ነው። በእጅ ካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ይህ ኃይል በ4.23 ያህል ሲባዛ ወደ ኋላ በሚሄደው አስተላላፊ ዘንግ ላይ ከ1500 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ እንደገና በ3.62 ሲያባዛው ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚደርሰው በድምሩ ወደ 5600 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ጎማዎቹ ወደ ፊት ሲጠመዘዙ ዲፈረንሻሉ ወደ ተቃራኒው ለመዞር ስለሚታገል ተሸካሚው ፍሬም ፊቱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች ለማድረግ ይጥራል፤ የአስተላላፊው ዘንግ መጠምዘዝም በበኩሉ የፍሬሙን አንድ ጎን ሊያነሣና ሌላውን ሊጫን ይሞክራል። ሁለቱ ሲደመሩ አራቱ ማሠሪያዎች እኩል አይሸከሙም፤ በአንዱ ጥግ ይደማመራሉ፣ በሌላው ይቀናነሳሉ፤ የአንዱ ማሠሪያ ዙሪያ ከሌሎቹ ቀድሞ መሰንጠቁም ከዚህ ይመነጫል። ነጂው ነዳጅ ሲለቅ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ስለሚጀምር ኃይሉ ሁሉ አቅጣጫውን ይገለብጣል። አንድ ጊዜ መርገጥና መልቀቅ አንድ የድካም ምልልስ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚነዳ መኪና በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላም የሚገኝ እውቀት አለ። 5600 ኒውተን ሜትር በጎማው ራዲየስ ሲካፈል በመንገዱ ላይ ወደ 17 ሺህ ኒውተን የሚጠጋ ግፊት ይሆናል፤ ይህም ከመላው መኪና ክብደት፣ ማለትም ከአንድ ቶን ተኩል ገደማ፣ የሚበልጥ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቹ ይህን ሁሉ ለመንገዱ ማስረከብ አይችሉም፤ አስቀድመው ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ተራ ጎማ ሳይታወቅለት የወለሉ ጠባቂ ሆኖ ያገለግላል። ባለቤቱ ለሩጫ ሜዳ የሚሆን ሰፊና የሚጣበቅ ጎማ ሲያስገባ ይህ ጠባቂ ይነሣና ቀድሞ በመንሸራተት ይባክን የነበረው ኃይል በቀጥታ ለላሜራው ይደርሳል። ፍሪሲዮንን በድንገት በመልቀቅ መነሣትማ ከዚህም የከፋ ነው፤ በፍጥነት የሚሽከረከረው የሞተሩ ፍላይዊል ያጠራቀመውን ጉልበት በአንድ ቅጽበት ስለሚያራግፍ ከላይ የተሰላው ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ይታለፋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በማይታይ ቦታ ነው። በቅድሚያ አንድ ወይም ሁለት የነጥብ ብየዳዎች ይላቀቃሉ፤ የእነርሱ ድርሻ ለጎረቤቶቻቸው ይተላለፍና እነርሱም በተራቸው ይላቀቃሉ፤ ላሜራው በነፃነት መርገብገብ ሲጀምር በማሠሪያው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ነጂው የሚሰማው ነገር ካለ ነዳጅ ሲረግጥና ሲለቅ ከኋላ የሚመጣ የመንኳኳት ድምፅ ወይም በመታጠፊያ ላይ መኪናው ኋላውን የሚያወዛውዝ የሚመስል ስሜት ነው፤ ብዙዎች ግን ምንም ሳይሰሙ ጉዳቱ ይገፋል። ጋራዥ ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች የተሻለ ይናገራሉ። በፋብሪካ የተቀባው ወፍራም የወለል መከላከያ ሽፋን መሰንጠቅ ወይም ማበጥ፣ ከመገጣጠሚያ መስመር የሚወርድ ቀይ የዝገት ውኃ፣ በላሜራ መጋጠሚያ ላይ የተቀባው ማሸጊያ በቀጥታ መስመር መከፈቱ፣ የኋላ ጎማዎች ያለ ምክንያት ባልተስተካከለ መልክ መበላታቸው እያንዳንዳቸው ጥርጣሬን የሚያስነሡ ናቸው። የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ተነሥቶ ወለሉ ከላይም መታየት አለበት፤ ከታች ንጹሕ የሚመስል ወለል ከላይ ተሰንጥቆ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ዓይን ብቻውን አይበቃም። የተጠረጠረው ቦታ እስከ ባዶ ብረቱ ድረስ ከተጸዳ በኋላ ሰርሳሪ ቀለም የሚባለው ዘዴ በርካሽ ዋጋ አስተማማኝ ውጤት ይሰጣል። ቀጭን ቀይ ፈሳሽ ይረጭና ወደ ስንጥቁ እንዲገባ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተዋል፤ ከዚያ ከላይ ያለው በጨርቅ ተጠርጎ ነጭ ዱቄት ሲነፋበት በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ቀለም ተመጥጦ ይወጣና በነጩ ላይ ቀይ መስመር ይሥላል። የመስመሩ ጫፍ የት እንደሆነ በትክክል ማወቅ የጥገናው ግማሽ ሥራ ነው፤ ዓይን ያየው ስንጥቅ ሁለት ጣት ሆኖ ቀለሙ ያሳየው አራት ጣት የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ወደ ጥገናው ሲገባ በመላው ዲስኩር ውስጥ ሊጨበጥ የሚገባው ሐሳብ ይመጣል፤ ስንጥቅ ኃይል በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያመለክት ስለሆነ፣ የኃይሉን መንገድ ሳይለውጡ ስንጥቁን ብቻ መበየድ ጉዳቱን ከብየዳው ቀጥሎ ወዳለው ላሜራ ማዛወር ነው። ብየዳ ሲደረግ በዙሪያው ያለው ብረት ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም ውስጣዊ ጉተታ ይይዛል፤ የብየዳው ጠርዝ ራሱ አዲስ የውጥረት መከማቻ ይሆናል። ስለሆነም በስንጥቅ ላይ አንድ መስመር ብየዳ ጥሎ፣ በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ የሚመልስ በያጅ መኪናውን ከመጣበት ሁኔታ የባሰ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል፤ ቀጣዩ ስንጥቅ ከሽፋኑ ሥር ስለሚያድግ።

ተገቢው ሥራ የሚጀምረው ከማውረድ ነው። ባትሪው ይነቀላል፤ ማርሚታው፣ አስተላላፊው ዘንግና ተሸካሚው ፍሬም በሙሉ ይወርዳሉ፤ የነዳጅ ታንኩና መስመሮቹ ከእሳቱ ይርቃሉ፤ ከላይ በኩል ምንጣፍና ድምፅ መከላከያ ሁሉ ይነሣል፤ ምክንያቱም ከታች የሚበየድ ላሜራ ከላይ ያለውን ነገር ያቀጣጥላል። ላሜራው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ መርዛማ ነው፤ ያለ በቂ አየር ማስወጫና ያለ መተንፈሻ ጭንብል መሥራት በበያጁ ጤና ላይ መፍረድ ነው። የስንጥቁ ጫፍ በቀለም ከተለየ በኋላ በዚያው ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። ስንጥቅን በቀዳዳ ማስቆም ላልለመደው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ እንደተገለጸው የክብ ቀዳዳ ክምችት ሦስት እጥፍ ሲሆን የስንጥቅ ሹል ጫፍ ክምችት ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ስለሆነ ሹሉን ማክበብ እፎይታ ነው። ቀዳዳው ከጫፉ ጥቂት እንኳ ወደ ኋላ ከተበሳ ግን ጫፉ ሳይነካ ይቀርና ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከዚያ ስንጥቁ በቀጭኑ ተፈልፍሎ፣ በአርጎንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ በሚሠራው የሽቦ ብየዳ፣ በአጭር በአጭሩ እየተቋረጠና እየቀዘቀዘ ይሞላል። በኤሌክትሮድ ዘንግ የሚሠራው ተራ ብየዳ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ላሜራ አይመችም፤ ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ የማጠናከሪያ ሳህን ይመጣል፤ ብዙ ጥገና የሚበላሸውም እዚህ ነው። ወፍራምና ጠንካራ ብረት መለጠፍ በቂ ይመስላል፤ ሆኖም ወፍራሙ ሳህን በሚያልቅበት መስመር ላይ ቀጭኑ ላሜራ በድንገት ብቻውን ስለሚቀር መታጠፉ ሁሉ በዚያ መስመር ይሰበሰባል። የብረቱ ዓይነት ጥራት መጨመሩም እምብዛም አይረዳም፤ የተበየደ መጋጠሚያ የድካም ዕድሜ በብረቱ ጥንካሬ ሳይሆን በመጋጠሚያው ቅርጽ የሚወሰን መሆኑ በመሐንዲሶች ዘንድ የተረጋገጠ ነገር ነው። ስለዚህ ሳህኑ ውፍረቱ ከወለሉ ብዙም ያልራቀ፣ ማዕዘኖቹ የከበቡ፣ ስፋቱም ማሠሪያውን አልፎ እስከ ወለሉ ጠንካራ ቋሚዎች የሚደርስ መሆን አለበት። በመካከሉ በተበሱ ቀዳዳዎች በኩል ከወለሉ ጋር በየቦታው ይበየዳል፤ ጠርዙ ደግሞ በተቆራረጠ ብየዳ ይያዛል። በሥራው ሁሉ ጊዜ የአራቱ ብሎኖች ቦታ እንዳይዛነፍ ፍሬሙን ራሱን እንደ መለኪያ እያነሡ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ የኋላ ጎማዎቹ አቅጣጫ ይበላሻልና።

ከታች የሚለጠፉት ሳህኖች ማሠሪያዎቹን ያጠነክራሉ እንጂ ወለሉ በሙሉ እንዳይርገበገብ አያደርጉም። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ከላይ፣ ከዕቃ መጫኛው በኩል፣ ማሠሪያዎቹን እርስ በርስና ከጎማ ቤቶቹ ጋር የሚያያይዝ ተጨማሪ መዋቅር ይበይዳሉ፤ ኃይሉ ከቀጭኑ ወለል ወጥቶ ወደ ጠንካራው የጎን አካል የሚሄድበት አዲስ መንገድ ይከፈትለታል። ለመለስተኛ ጉዳት በወለሉ ባዶ ክፍተት ውስጥ መዋቅራዊ አረፋ መሙላትም የታወቀ ዘዴ ነው፤ አረፋው ላሜራዎቹን ደግፎ መርገብገባቸውን ይቀንሳል። ነገር ግን አንዴ ከተሞላ በኋላ ወደፊት ብየዳ ሲያስፈልግ አረፋው የሚቃጠልና ሥራውን የሚያከብድ በመሆኑ፣ ረጅም ዕድሜ ለሚፈለግበት መኪና ብየዳው ይመረጣል። ስንጥቁ በብዙ አቅጣጫ ተበታትኖ ላሜራው ከተቀደደ ደግሞ የወለሉን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ አዲስ ከመትከል የሚያድን አቋራጭ የለም።

ብየዳው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። የብየዳው ሙቀት ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን የፋብሪካ መከላከያ ሁሉ አቃጥሎታል። በተደራረቡ ላሜራዎች መካከል አስቀድሞ በብየዳ የሚታለፍ የዚንክ ቀለም ካልተቀባ፣ ከውጭ አንቲረስትና ማሸጊያ ካልተደረገ፣ በመጨረሻም በክፍተቶቹ ውስጥ በረጅም ቱቦ ሰም ካልተረጨ፣ የተጠናከረው ወለል ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገትና ድካም ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቀደም ሲል ተነግሯል።

ይህ ሁሉ ለብረት አካል የተነገረ ነው። እንደ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ላሉት፣ ከ1990 ጀምሮ በአሉሚኒየም አካል ለተመረቱ መኪኖች፣ በቀጥታ ሊወሰድ አይገባም፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ያለ የድካም ወሰን የለውም፣ ሲበየድም በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ያጣል።

መከላከልን በተመለከተ ከላይ የቀረበው ሒሳብ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ይዟል። የተበየደ መጋጠሚያ ዕድሜ ከሚመላለሰው ውጥረት ሦስተኛ ደረጃ ጋር በተገላቢጦሽ የሚሄድ ስለሆነ፣ ውጥረቱን በአንድ አምስተኛ ብቻ መቀነስ ዕድሜውን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። ይህን ያህል ቅናሽ ደግሞ በአነዳድና በተራ እንክብካቤ ሊገኝ ይችላል። ያረጀና የተሰነጠቀ ጎሚኒ ፍሬሙ ተንቀሳቅሶ ላሜራውን እንዲመታው ስለሚፈቅድ በጊዜው መለወጥ አለበት፤ በአሉሚኒየም ማቀፊያ መተካት ግን ወለሉ አስቀድሞ ካልተጠናከረ ላስቲኩ ይውጠው የነበረውን ንዝረት ሁሉ ለላሜራው ማስረከብ ነው። ብሎኖቹ በፋብሪካው በተወሰነው ጥብቀት በመለኪያ ቁልፍ መጠበቅ ይገባቸዋል። ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅ፣ በተለይም በሚጣበቅ ጎማ፣ መተው አለበት። ዘይት በሚለወጥበት ጊዜ መኪናው በሊፍት ላይ ከተነሣ በኋላ አራቱን ማሠሪያዎች በጠንካራ ብርሃን መመልከት ተጨማሪ ወጪ የሌለው ልማድ ነው፤ ለሩጫ ሜዳ የሚወጣ መኪና ደግሞ ከእያንዳንዱ ወቅት በኋላ ሊመረመር ይገባል።

ማጠናከሪያውም ቢሆን ስንጥቅ እስኪታይ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። ባልተሰነጠቀ ላሜራ ላይ የሚሠራ ብየዳ ንጹሕና አጭር ነው፣ ማሠሪያዎቹም ገና ከቦታቸው ስላልተዛነፉ ልኩ አያስቸግርም፤ ከተቀደደ በኋላ የሚሠራው ግን ከጥገና ወደ መልሶ ግንባታ ይሻገራል። ስለሆነም ኢ46 ኤም3 ያለው ሰው ለሞተር ማጎልበቻ ወይም ለአዲስ ቀለም ከመክፈሉ በፊት ወለሉን ያስመርምር፣ ያስጠናክርም። ለመግዛት ያሰበ ደግሞ ምንጣፉ እንዲነሣና መኪናው በሊፍት እንዲወጣ ይጠይቅ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ፣ መኪናው መገዛት የለበትም።